የማይሞቀው አምፖል

ነገር ማንጠልጠል አልወድም። ሱቄ የሚመጣ ደንበኛም ዙሪያ ጥምጥም ሲሄድብኝ «በቃ ምን ልስጥህ?» ብዬ ነው የማቋርጠው። ስለዚህ ዋናውን ነገር መጀመሪያ ልንገራችሁና ልገላገል፤ ጋሽ ኦይታ አያይም። አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ውስጥ የአውቶቡሱም የአይሱዙውም የባጃጁም ሾፌር «መብራቴን ከሱ ሌላ ማንም አይነካብኝም» የሚልለት ኤሌክትሪሺያን፣ አራት ዓመት ሙሉ ሁለቱም ዓይኖቹ ጠፍተው ነው የሠራው። እኔ ደግሞ ከሱቄ ደጃፍ አሥር እርምጃ በማይሞላ ቦታ ላይ ሲውል ቀን በቀን እያየሁት አላወቅኩም። ማንም አላወቀም። እሱም እንዲታወቅበት አልፈለገም፤ ከታወቀ ማን መኪናውን ይሰጠዋል? ያጋለጥኩት እኔ ነኝ። አስቤ አይደለም፣ አላህ ያውቃል፤ ግን እኔ ነኝ።

ቀመሪያ እባላለሁ። አባቴ ከስልጤ መጥቶ የከፈተውን የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ነው የያዝኩት። አፈ ስለታም ናት ይሉኛል፣ ልክ ናቸው። ቀኑን ሙሉ ከሾፌር ጋር የሚውል ሰው አፉ ካልተሳለ ሱቁን ዘግቶ ቤቱ ይግባ። በሰፈሩ ውስጥ ድምፄን ከፍ አድርጌ ተናግሬው የማላውቅ ሰው ጋሽ ኦይታ ብቻ ነበር። አንቱ እንዳልለው የከለከለኝ ራሱ ነው፤ ያረጀሁ ያረጀሁ ይመስለኛል ይላል። አማርኛው የጋሞ ለዛ አለው፤ ሲቸኩል ወንድና ሴት ይምታታበትና እኔን «ና» ብሎ ይጠራኛል። እኔም እሄዳለሁ።

የተወለደው ደጋው ላይ፣ ከገረሴ ወጣ ብሎ ከሸማኔ ቤት ነው። አባቱ ሽመና ሊያለምዱት ገና በልጅነቱ የሸማኔ ጉድጓድ ውስጥ አስቀምጠውት ነበር፤ እጁ ጥሩ ነበር ይባላል፣ እግሩ ግን አልቀመጥ አለው። ጎረምሳ ሲሆን ድንች በጫነ መኪና ላይ ተሳፍሮ አርባ ምንጭ ወረደ። አንድ የእርሻ ድርጅት ጋራዥ ውስጥ ገባ፣ እዚያ የነበሩ አንድ ሽማግሌ የመኪና ኤሌክትሪክ አስተማሩት፣ ከዚያ ወዲህ አርባ ዓመት ሆነው። ጋራዡ ሲዘጋ ከሱቄ ፊት ለፊት ካለው የማንጎ ዛፍ ሥር የለስላሳ ሳጥን ገልብጦ ተቀመጠ። ሾፌሮቹ መኪናቸውን የኋሊት እየነዱ እስከ ጉልበቱ ድረስ ያመጡለታል። እሱ ከሳጥኑ ብዙም አይነሳም። እኛ ስንፍና አይደለም፣ ዕድሜ ነው እንል ነበር።

አሠራሩ ደግሞ ከሌላው ይለያል። ሌላው ኤሌክትሪሺያን ሾፌሩን «ፍሬን ያዝ» ይለዋል፣ ዞር ብሎ ያያል፣ «በቃ ሂድ» ይለዋል። ጋሽ ኦይታ ግን መዳፉን የኋላ መብራቱ ክዳን ላይ ያሳርፍና «ያዝ፣ እንዳትለቅ» ይላል። ሾፌሩ እግሩ እስኪደነዝዝ ይይዛል። እሱ አንገቱን ደፍቶ፣ እጁን ሳያነሳ፣ የሚጸልይ ሰው ይመስል ዝም ይላል። ከዚያ «አለ» ይላል። አለ ካለ አለ ነው። ሾፌሮቹ ይሄን ጥንቃቄ አሉት። እኔም ጥንቃቄ ነው አልኩ። ለካ አምፖሉ ሲበራ ይሞቃል፣ ሙቀቱ ክዳኑ ላይ ይደርሳል፣ እሱም መብራቱን በመዳፉ ነበር የሚያየው።

የኋላ መብራት ለኛ አገር ሾፌር ጌጥ አይደለም። ወደ ገረሴ ስትወጡ ከሰዓት በኋላ ጉም ይወርዳል፤ ወተት ውስጥ እንደ መንዳት ነው። ያን ጊዜ አንዱ ሾፌር የሌላውን የኋላ መብራት ተከትሎ ነው የሚሄደው፣ መንገዱን አይደለም የሚያየው፣ ከፊቱ ያለችውን ቀይ ነገር ነው። ከፊት ያለው ፍሬን ሲይዝ መብራቱ ካልጎላ ከኋላ ያለው ይገባበታል፤ ከጎን ደግሞ ገደል ነው። ለዚህ ነው የጋሽ ኦይታ «አለ» ዋጋ የነበረው። ሰው ነፍሱን ነበር አምኖ የሚሰጠው።

አሁን ወደ አምፖሉ ልምጣ። ወንድሜ ረሺድ ከአዲስ አበባ ዕቃ ይልክልኛል፤ ባለፈው ክረምት አንድ ካርቶን ኤልኢዲ አምፖል ጨምሮ ላከ። ለአሮጌ መኪና የሚሆን፣ አሮጌው አምፖል ከወጣበት ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ የሚገጥም። አንዱን ሱቅ ውስጥ በባትሪ ሞከርኩት። ሱብሃነላህ፣ ቀይ ስላችሁ ቀይ! ግድግዳው፣ ሚዛኑ፣ የኔም እጅ ቀላ። ውስጡ ቀጭን ሽቦ ስለሌለው በኛ መንገድ ንቅናቄ አይበጠስም፣ የሚወስደው ኤሌክትሪክ ኢምንት ነው፣ ቢበራ ቢበራ አይግልም። ይሄንን ሁሉ ለደንበኛው ሁሉ ስለፍፍ ከረምኩ። አይግልም የሚለውን ቃል ስንቴ በኩራት እንዳልኩት እኔ ነኝ የማውቀው፤ ጋሽ ኦይታ ከማንጎው ሥር ሆኖ ይሰማኝ ይሆን እያልኩ አሁን አሁን አስባለሁ።

መጀመሪያ የገዛኝ ውብአየሁ ነው። ውብአየሁ ከምዕራብ ዓባያ ሙዝ፣ ከገረሴ ድንች የሚጭን ሾፌር ነው፤ አይሱዙዋ ከመጀመሪያ ልጁ በዕድሜ ትበልጣለች። ጯሂ ነው። እኔና እሱ ተገናኝተን ሳንጨቃጨቅ የተለያየንበት ቀን የለም። ለኋላ መብራትና ለፍሬን ሁለት ቀይ፣ ለፍሬቻ ሁለት ቢጫ መረጥኩለት፣ ይዞ ወደ ጋሽ ኦይታ ሄደ። ቅዳሜ ጠዋት ነው፣ ገበያው ሞልቷል፣ ሾፌሮች ተሰብስበዋል። አዲሱ አምፖል ሲገጠም ለማየት እኔም ሱቄን ክፍት ትቼ ወጣሁ።

ጋሽ ኦይታ አምፖሉን በጣቶቹ አገላበጠው፣ ጆሮው ሥር አድርጎ ነቀነቀው፣ የታለ ሆዱ ብሎ ሳቀ። ከዚያ ሥራውን ጀመረ። ክዳኑን ፈታ፣ አሮጌዎቹን አወጣ፣ አዲሶቹን ጫን አድርጎ አዞራቸው፣ ክዳኑን መለሰ። ዓይኑ ደህና በሆነ ሰው እጅ ላይ እንኳን እንደዚያ የቀለለ ሥራ አይቼ አላውቅም። ውብአየሁ ጋቢና ውስጥ ነው። መብራት አብራ አለው፤ አበራ። ፍሬን ያዝ አለው፤ ያዘ። መዳፉን አሳረፈ።

ቆየ። ሾፌሮቹ «ኦ!» አሉ፣ ቀዩ ፀሐይ ላይ እንኳን ዓይን ይወጋል። ጋሽ ኦይታ ግን እንደቆየ ነው። እጁን ትንሽ አንቀሳቀሰ፣ ከክዳኑ አንዱ ጥግ ወደ ሌላው ወሰደው። ፍሬቻ አብራ አለ። ጋቢናው ውስጥ ፍሬቻውን የሚያጠፋና የሚያበራው ትንሽ ሳጥን፣ ፍላሸር የምንለው፣ ትንፋሽ እንዳጠረው ሰው ጢክጢክጢክ ማለት ጀመረ። አሮጌው መኪና እንዲህ የሚያደርገው አምፖል ሲቃጠልበት ነው። ጋሽ ኦይታ ሰማ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ወደ እኔ ዞረ።

«ቀመሪያ፣ ይሄ ዕቃሽ ሙት ነው። አልበራም» አለ።

እኔ ደሜ ፈላ። ያን ያህል የለፈፍኩለት ዕቃ ሰው ፊት ሙት ተባለ። መብራቱ ደግሞ እዚያው ደረቱ ላይ ቦግ ብሏል።

«ጋሽ ኦይታ፣ ሸሚዝህ ሳይቀር እኮ ቀልቷል። አታይም እንዴ?» አልኩት።

ስንት ጊዜ ለስንት ሰው የምለው ነገር ነው። አታይም እንዴ፣ አትሰማም እንዴ፣ ደንቁረሃል እንዴ። ከአፌ ወጥቶ አየሩ ላይ ቀረ። የጋሽ ኦይታ መዳፍ ክዳኑ ላይ ነው። ጣቶቹ መካከል ቀዩ ብርሃን ያልፋል፣ ፊቱ ላይ ያርፋል፣ እሱ ግን የት እንዳለ አያውቅም። ውብአየሁ ከጋቢና ወርዶ እየሳቀ መጣ፤ ሽማግሌው ቀልድ ጀመረ ብሎ ነው። አየው። ሳቁን አቆመ። እጁን በጋሽ ኦይታ ዓይን ፊት ወዲህና ወዲያ አደረገ፣ ዓይኖቹ አልተከተሉትም።

ከዚያ በኋላ ውብአየሁ ያለውን ሁሉ ልድገመው አልፈልግም። ዋናው ይሄ ነው፤ አራት ዓመት ሙሉ ጉም ውስጥ የገባሁት ዕውር በሠራው መብራት ነው፣ ልጆች አሉኝ እኮ፣ አለ። ሌሎቹም ተቀበሉት። ልክ አልነበሩም ማለት አልችልም፤ ፈርተው ነበር። ጋሽ ኦይታ ካቻቢቴውን፣ ፒንሳውን፣ ሽቦውን አንድ በአንድ ወደ ከረጢቱ መለሰ፣ ተነሳ፣ ሄደ። ጠዋት ጠዋት ሚስቱ ወለቴ ናት የምታመጣው፤ እሷ የሽፈራው ቅጠል ስለምትሸጥ ገበያ መንገዷ ነው እንል ነበር። ያን ቀን ግን ብቻውን ሄደ። ሰው ሁሉ መንገድ ለቀቀለት። አሁን ስላወቅን እግሩ የቱቦውን ጠርዝ እንዴት እንደሚፈልግ አየን፣ ከግድግዳው ጋር ምን ያህል ተጠግቶ እንደሚሄድ አየን። አራት ዓመት ፊታችን ላይ የነበረ ነገር ነው። አፈርኩ። ሱቅ ገብቼ ካርቶኑን በእርግጫ መታሁት።

እሑድም ሰኞም አልመጣም። ሳጥኑ ማንጎው ሥር ተገልብጦ ቀረ። ውብአየሁ መኪናውን ይዞ ሌላ ባለሙያ ነኝ ባይ ጋ ሄደ፤ ሰውየው ቀዮቹን አውጥቶ ከየትም ያመጣውን ነጭ ኤልኢዲ ገጠመለት፣ ሽቦም ነካካ። ነጭ መብራት በቀይ ክዳን ውስጥ ሲያልፍ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ? የሕፃን ድድ ነው የሚመስለው። በዚያ ላይ ፍሬን ሲይዝ የቀኝ ፍሬቻው አብሮ ብልጭ ይላል፣ ፍሬቻ ሲያበራ ጢክጢኩ እንደ በፊቱ ነው። ሰኞ ማታ ሱቄ መጥቶ ጮኸብኝ፣ እኔም ጮህኩበት፣ ሁለታችንም ስለ አምፖል እንዳልሆነ የምንጮኸው እናውቅ ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት ግን አንድ ነገር ሆነ። ካሱ የሚባል የሚኒባስ ሾፌር አለ፣ ዝምተኛ ነው። ሰው ከማሳፈሬ በፊት መብራቴን ላረጋግጥ፣ ዕውር የሠራው ነው፣ አለና መናኸሪያው ውስጥ መኪናውን አቁሞ ጓደኛውን ፍሬን አስይዞ ከኋላ ቆመ። ጎኑ ያለው ሾፌር አየውና እሱም ወረደ። ከዚያ ሦስተኛው። ወሬው እኔ ጋ ሲደርስ ሱቄን ዘግቼ ሮጥኩ። ስደርስ መናኸሪያው በሙሉ የኋሊት ዞሯል። በየመኪናው ጋቢና አንድ ሰው፣ በየመኪናው ጀርባ አንድ ሰው። ፍሬን፣ ግራ፣ ቀኝ፣ የኋላ። ጉድለት ፍለጋ ነው የወጡት፤ አንድ የላላ ሽቦ፣ አንድ ያልበራ አምፖል ቢያገኙ ደስ ባላቸው ነበር፣ ቁጣቸው መድረሻ ያገኝ ነበር። አላገኙም። ከአውቶቡሱ እስከ ባጃጁ ቀይ በቀይ ሆነ። አንድ የግራ ፍሬቻ እምቢ አለ፤ ባለቤቱ አንገቱን ደፍቶ ያቺን ሌላ አገር ነው ያሠራኋት አለ።

እኔ እዚያ መሀል ቆሜ ነበር። መብራት ስሸጥ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ የመኪና መብራት አያስደንቀኝም። ያን ጠዋት ግን አስደነቀኝ። ያ ሁሉ ብርሃን፣ ብርሃን ከማያይ ሰው እጅ የወጣ ነው።

ካሱ ግን አላበቃም። ክዳኑን ፈታው፣ ሽቦውን ልይ አለ። ጎንበስ ብሎ ቆየና ጠራኝ። እያንዳንዷ ሽቦ ላይ ክር ታስሯል። ነጭ የጥጥ ክር ነው፣ በቅባት ጠቁሯል፣ ቋጠሮ አለው። አንዷ ሽቦ አንድ ቋጠሮ፣ ሌላዋ ሁለት፣ ሌላዋ ሦስት፣ ሌላዋ አራት። ባለ አንዷ የኋላ መብራት ናት፣ ባለ ሁለቷ ፍሬን፣ ባለ ሦስቷ የቀኝ ፍሬቻ፣ ባለ አራቷ የግራ። ጎኑ ያለውን መኪና ፈታን፣ እንደዚያው ነው። አውቶቡሱን ፈታን፣ እንደዚያው። ሾፌሮቹ ክሩን ያውቁት ነበር፤ የሱ ምልክት ነው፣ እኔ ነኝ የሠራሁት ለማለት ነው ብለው ነበር። ቋጠሮውን የቆጠረ ግን አልነበረም። የከተማው መኪና ሁሉ ለአንድ ዓይነ ስውር እንዲመች ሆኖ ተሠርቶ ነበር፣ እኛም ስንነዳው፣ ስንሳፈርበት ነበር። አንድ ጎማ ላይ ቁጭ አልኩ። ሱብሃነላህ፣ ሱብሃነላህ ከማለት ሌላ ቃል አልመጣልኝም። እኔ ቃል የሚያጥረኝ ሰው አይደለሁም።

ከሰዓት በኋላ ውብአየሁን በግድ ይዤ ወደ ጋሽ ኦይታ ቤት ሄድኩ። በግድ ስል እጁን ጎትቼ ማለቴ ነው። መኪናዋን ይዘን ነው የሄድነው። ቤቱ ከሲቀላ ወጣ ብሎ ወደ ሐይቁ በሚወርደው ቀጥ ያለ የጠጠር መንገድ ዳር ነው። ወለቴ ደጅ ላይ ቅጠል ታደርቅ ነበር። አየችንና አልተነሳችም። ምን ልትሠሩ መጣችሁም አላለችም። ተቀመጡ አለችንና ነገረችን።

ከሰባት ዓመት በፊት ሆስፒታል ሄዶ የዓይን ግፊት ነው ብለውታል። የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውም ቀስ እያለ ይሄዳል አሉት። ስንት ጊዜ አለኝ ብሎ ጠየቀ። ምናልባት ሦስት ዓመት አሉት። አላለቀሰም፣ እሷ ናት ያለቀሰችው። ከሆስፒታል ሲወጣ ወደ ቤት አልመጣም፣ ገበያ ሄዶ የሸማ ክር ገዛ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እጁ የገባ መኪና ሁሉ፣ ለጡሩምባም ይምጣ ለባትሪ፣ ኋላውን ሳይፈታ አይለቅም። እያየ አሰረ። ማታ ማታ እዚህ ቤት አሮጌ የኋላ መብራት ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ዓይኑን በጨርቅ ያስርና ይፈታል፣ ይገጥማል። ሦስት ዓመት ሙሉ ለዚያ ቀን ተዘጋጀ። ቀኑ ሲመጣም አንድ ቀን አልቀረም፣ በማግሥቱ ሥራ ሄደ።

«ለምን አትነግራቸውም ስለው መኪና አይሰጡኝም፣ ምጽዋት ነው የሚሰጡኝ አለኝ» አለች ወለቴ። «ያን ነው የፈራው። ሌላ ምንም አልፈራም።»

ውብአየሁ መሬት መሬት ያያል። እኔ አለቀስኩ፣ አልደብቅም።

ጋሽ ኦይታ ውስጥ ተቀምጦ ሁሉንም ሰምቷል። ገባን። ቀመሪያ መጣህ አለ፣ ድምፄን ሳላሰማው፤ በጫማዬ ነው ያወቀኝ። ይቅርታ ልጠይቀው አስቤ የሄድኩት ሁሉ ከራሴ ጠፋ። ውብአየሁም ይቅርታ የሚባል ነገር አፉ ላይ አይመጣም፣ ተፈጥሮው ነው፤ ጉሮሮውን ጠራረገና «መኪናዋ አበደች» አለ።

ጋሽ ኦይታ እንዴት ብሎ ጠየቀ። ውብአየሁ ነገረው። ፍሬን ስትይዝ የቀኝ ፍሬቻ አብሮ ብልጭ ይላል ወይ አለው። አዎ። ጢክጢኩ በሁለቱም በኩል ይሮጣል? አዎ። ነጩን አምፖል ያስገባው ሰው ሽቦ ነክቷል? ነክቷል። ጋሽ ኦይታ ተነሳ። አላግባባነውም፣ አልለመንነውም፤ ብልሽት ሰምቶ መቀመጥ የማይችል ሰው ነው። ወለቴ ከረጢቱን አቀበለችው።

ደጅ ወጥቶ ጋቢናው ውስጥ እጁን አስገብቶ ፍላሸሩን ነቀለ፣ መዳፉ ላይ አስቀምጦ ለእኔና ለውብአየሁ አሳየን።

«ይሄ ዓይን የለውም» አለ። «አምፖል መኖሩን የሚያውቀው አምፖሉ በሚበላው ኤሌክትሪክ ነው። አዲሱ አምፖል ደግሞ አይበላም። ስለዚህ የለም ብሎ ይሮጣል፣ ይጮሃል። ውሸታም አይደለም፤ የሚያውቅበት መንገድ ነው የጠፋበት። እኔም ቅዳሜ እንደሱ ነው የሆንኩት።»

ምን ይባላል? ሦስት ቀን ሙሉ ተቀምጦ ያሰበው ስለ ውርደቱ አልነበረም፣ ለምን እንደተሳሳተ ነበር። ለኤልኢዲ የሚሆነውን ፍላሸር ከሱቅ ይዤ መጥቼ ነበር፤ ሰጠሁት፣ ጢክጢኩ ረጋ። ከዚያ ወደ ኋላ ሄዶ ክዳኑን ፈታ። ከመብራቱ ወደ መኪናዋ ብረት የሚመለሰውን ሽቦ ሰውየው ዝገት ላይ አንጠልጥሎት ኖሯል። ጋሽ ኦይታ ቦታውን በምላሱ ካልሆነ በቀር በሁሉ ነገሩ መረመረው፤ በጥፍሩ ፋቀ፣ በብርጭቆ ወረቀት አጸዳ፣ አጥብቆ አሰረ። ነጮቹን አውጥቶ ቀዮቹን መለሰ። ሰማዩ ጠቁሯል፣ ሐይቁ ላይ ዝናብ ይታያል፣ ቀኑ ገና ሳይመሽ መንገዱ ግራጫ ሆኗል።

ፍሬን ያዝ አለ። ውብአየሁ ያዘ። የጋሽ ኦይታ መዳፍ ሳያስበው ክዳኑ ላይ ሄዶ አረፈ፣ ከዚያ አስታወሰና አነሳው። እጁን የት እንደሚያደርገው አላወቀም። በአራት ዓመት ውስጥ ማንንም ሰው ጠይቆ አያውቅም፣ ወለቴን እንኳን።

«በይ ቀመሪያ፣ ንገሪኝ» አለ።

«አለ» አልኩት።

«ፍሬን ሲይዝና ሳይዝ ልዩነት አለው?»

በደንብ አለው አልኩት። ቀኝ ፍሬቻ? ብቻውን ነው፣ ረጋ ብሎ ነው አልኩት። ግራስ? እሱም። ራሱን ነቀነቀ፣ ግን አልጨረሰም።

«ከየት ድረስ ይታያል?»

እኔ እንጃ አልኩ። ከዚያ ጫማዬን አጠበቅኩና መንገዱን ይዤ መሄድ ጀመርኩ። የኋሊት እያየሁ ነው የምሄደው። ወፍጮ ቤቱ ጋ ደረስኩ፣ አለ። የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጋ ደረስኩ፣ አለ። ካፊያ ጀመረኝ፣ ወፍራም ነኝ፣ ትንፋሼ አጠረ፣ ሰዎች ይቺ ደግሞ ምን ሆነች ብለው ያዩኛል። የሙዙን እርሻ አልፌ መንገዱ ወደ ሐይቁ ከሚታጠፍበት ስደርስ መኪናዋ ራሷ አትታይም፣ ቤቱም ወለቴም አይታዩም፣ ዝናቡ ሸፍኗቸዋል። ሁለቱ ቀይ መብራቶች ግን እዚያው አሉ። ዛሬ እንደታጠበ በርበሬ ቀይ። በሕይወቴ መብራት አይቼ እንደዚያ ቆሜ አላውቅም። ልቤን አንድ ነገር ያዘኝ፣ እግዜርም በሉት አላህም በሉት፤ የሰው እጅ ምን ያህል ሩቅ ይደርሳል አልኩ።

ረጥቤ ተመለስኩ። እስከ መታጠፊያው አልኩት። ከዚያ ወዲያ እኔ ነኝ የታጠፍኩት፣ እሱ አልጠፋም።

ጋሽ ኦይታ ዝናቡ ላይ ቆሞ ፈገግ አለ። «እንዴት ያለ መብራት ይሆን» አለ። «እኔ እንዲህ ያለ መብራት አይቼ አላውቅም።»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ኤልኢዲ ሱቄ የመጣው የሱ ዓይን ከጠፋ በኋላ ነው። ሲገጥመው፣ ሲያስተካክለው፣ እስከ የት እንደሚታይ ሲያስለካኝ፣ ምን እንደሚመስል አንድ ቀን እንኳን አያውቅም። 

ውብአየሁ ከጋቢና ወረደ። ዝናቡን ከፊቱ ላይ ጠረገ፣ ዝናብ ከሆነ። ዛሬውኑ ገረሴ እወጣለሁ አለ። ጉሙ እንደሚጠብቀው ሁላችንም እናውቃለን። በሩን ሊዘጋ ሲል ቆም አለና ወደ ጋሽ ኦይታ ዞረ።

«ነገ የወንድሜን ሚኒባስ ላመጣልህ ነው፣ ጋሽ ኦይታ። ፍሬቻዋ ያስቸግራል። የት ላምጣልህ፣ እዚህ ቤት?»

ወለቴ ቅጠሏን ከዝናብ እየሰበሰበች ነበር፣ እጇ ቆመ።

«እዚህ ምን ይሠራል» አለ ጋሽ ኦይታ። «ቦታዬ ላይ አምጣት።»